ሾን የሚሉት አባዬ

ማርች 8፣ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ
ዛሬ የሰዓት ለውጥ ነው፣ አንድ ሰዓት ወደፊት ተገፍቷል። ረስተን ቤ/ክ አርፍደን ደረስን። እማዬ መኪና ውስጥ አኮረፈች። ስኮትዴል መታጠፊያው ላይ አንድ ሽማግሌ አሳለፈን፤ እንደ ልማዴ አንድ ጣት ከመሪው ላይ አነሳሁ። እጄን መታ አደረገችኝ። እዚህ አገር ጣት ማንሳት ያስገድላል አለች። ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኛ አገር ሰላምታ እንደዚህ ነው። እኛ አገር ስል አየርላንድ ማለቴ ነው፤ ተወልጄ እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ያደግሁባት፣ ኮርክ አጠገብ ያለችው ትንሿ ከተማ።

አባዬ ደወለ፣ የእሁድ ስልካችን። 67 ሞላው፣ አሁንም ሳይክል ይጠግናል። ፈተናው መቼ ነው አለ። ሐሙስ፣ የነርስነት ላይሰንስ። እሱን ከተገላገልኩ ኤፕሪል ላይ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ሰባት ዓመት አልተያየንም! አብረን እንነዳለን፤ ዳገቷን ግን እየገፋን ነው የምንወጣት አለ፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምንነዳው። እሱ ሁልጊዜ በባሕሩ በኩል፣ ንፋሱ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኘው። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ጣት ያነሳል። ጣቷ ደግሞ አትበቃውም፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ካልነሳ ሰላም ያለ አይመስለውም። በዚሁ ሁለቴ ቦይ ውስጥ ገብቷል። የከተማው ሰዎች ሸዋንግዛው የሚለው ስሙ አልመጣላቸው ሲል ሾን አሉት። እኔ ሰናይት፣ ሲኔድ ሆንኩ። ሁለቱም ደህና የአይሪሽ ስም። ከዚያ እሱና እማዬ ተፋቱ፣ እማዬ ወደዚህ አመጣችኝ። እዚህ አይሪሽ ነኝ ስል ሰው ይስቃል። አባዬ አይስቅም።

ማርች 9፣ ሰኞ
ከዳውንታውን ከሥራ ስገባ አክስቴ አስቴር ሳሎን ተቀምጣለች። ሰኞ ቀን፣ ሱቋን ዘግታ፣ ከማሪዬታ ድረስ! የእሷም የእማዬም ዓይን ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አሉ። ምድጃው ላይ ግን ምንም አልተጣደም። አክስቴ እስከ ሐሙስ ፎከስ አድርጊ፣ ስልክሽን ስጪኝ አለች። ሰጠኋት። ራሴ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረገችልኝ።

ማርች 11፣ ረቡዕ
ኩላሊት። ፖታሲየም። እንደገና ኩላሊት። እማዬ ታየኝና ብድግ ብላ ትወጣለች። አባዬ ይመርቀኝ፣ ደውይልኝ አልኳት። ተኝቷል አለች። ቆጠርኩ፤ በአራት ሰዓት ነው የሚቀድሙን፣ እዚያ ገና ምሽት ነው። አባዬ እንደ ዶሮ አይተኛም። ልከራከር ብዬ ተውኩት። ማንበብ አለብኝ።

ማርች 12፣ ሐሙስ
አለቀ። ያለፍኩ ይመስለኛል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እማዬ እንቁላል ጠብሳ በእጇ አጎረሰችኝ፣ እንደ ሕፃን። ጭንቅላቴን ይዛ ረጅም ጸሎት ጸለየች። ምን ነካት? ስልኬ ማሪዬታ ቀርቷል፣ ቅዳሜ ይመጣል አሉ። ለአባዬ ማለቁን ሳልነግረው ሁለት ቀን እንዴት እችላለሁ።

ማርች 14፣ ቅዳሜ
አባዬ ሞቷል።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት
ጠዋት 12 ሰዓት የበሩ ደወል ተደወለ። ጋሽ መኮንን፣ የቤ/ክ ሽማግሌው፣ ሦስት ሰው አስከትለው። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እማዬ ከኋላ። በዚያ ሰዓት ለደግ የሚመጣ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ። ጋሽ መኮንን ቁጭ በይ ልጄ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። መሬት ላይ ራሴን ያገኘሁት በኋላ ነው።

የሞተው ሰኞ ነው። ሳይክል መጠገኛ ሱቁ ውስጥ፣ ልቡ ቆሞ። ሐሙስ ተቀብሯል። ሐሙስ በነሱ 5 ሰዓት፣ በኛ 1 ሰዓት። እንቁላል እየጎረስኩ ነበር።

ለቀባሪው አረዱት ይባላል፣ ለሚያውቅ ሰው ወሬ ሲያመጡለት። እኔን አፈር ከለበሰ በኋላ አረዱኝ። ቀባሪም አላደረጉኝ።

ማርች 16፣ ሰኞ
ስልኬ ተመለሰ። አሥራ አንድ ጊዜ የደወለችው ኖራ ናት፣ እዚያ ጎረቤታችን የነበረችው አሮጊት፣ ልጅ ሳለሁ ከት/ቤት ስመለስ የምታቆየኝ። ደወልኩላት።

እኛ አገር ሬሳ እዚያው በሟቹ ቤት ያድራል። በር ክፍት ይሆናል፣ ከተማው በሙሉ ይገባል ይወጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ስለ ሟቹ ይወራል፣ ይሳቃልም። ከዚያ ይቀበራል። ሰው አይጠበቅም፤ መምጣት ያለበት ይመጣል ተብሎ ነው። አባዬን የሳይክል ደንበኞቹ ተሸክመውታል። ኖራ የዚያኑ ሰኞ ለእማዬ ደውላ ነበር። እማዬ እነግራታለሁ አለቻት። ኖራም አመነች፤ መርዶ የሚባል ነገር በምን ታውቃለች? ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስበው ሰምቼ እንደቀረሁ ነው።

አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ብቻ አለች፤ «ከሣጥኑ አጠገብ ያለውን ወንበርሽን ማንም አልተቀመጠበትም፣ ሲኔድ። እስከ መጨረሻው ጠበቅንሽ።»

ማርች 17፣ ማክሰኞ
ለቅሶ ቤቱን ትቼ ሥራ ገባሁ። ልታማ። የአይሪሾች በዓል ነው፤ ሆስፒታሉ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። አንዷ ባልደረባዬ አረንጓዴ ዶቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ሰው አይሪሽ ነው ብላ። አመሰገንኳት። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ማርች 19፣ ሐሙስ
ዛሬ ጮህኩባት። አምስት ቀን የያዝኩትን ሁሉ። ለአንድ ፈተና ብለሽ አባቴን ነጠቅሽኝ አልኳት። ፈተናው በሌላ ወር ይደርስ ነበር፣ አባዬ ግን አንዴ ነው የሚቀበረው። አንድ ሰው እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

እስክጨርስ ሰማችኝ። በኋላ እንዲህ አለች፤ «የእናቴን ሞት እዚያ አገር በስልክ ነው የሰማሁት። ብቻዬን። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ሁለት ቀን ከወለሉ አልተነሳሁም፣ ደረቅ ዳቦ አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ። ልጄ እንዲህ አትሰማም ብዬ ምያለሁ።»

ዳቦውን አላስታውሰውም። አንጀቴን በላችው፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሁለቱም አሉ፣ አንዱ አንዱን አያስወጣውም።

ማርች 21፣ ቅዳሜ
ኖራ ጻፈች። በወሩ፣ ኤፕሪል 11፣ በስሙ ጸሎት ይደረጋል፤ እንደዚያ ነው ልማዱ። ነይ አለችኝ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ልምጣ ወይ አለች። የፈታችው ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ስሙን አልጠራችም። ዛሬ ሸዋንግዛው አለች፣ ሙሉውን።

እዚያ ይጠይቁኛል። ያቺ ከተማ የማትጠይቀው ነገር የለም። እናቴ ደበቀችኝ ብል ነፃ እወጣለሁ፤ የሾን ልጅ፣ የነሱ ልጅ እሆናለሁ እንደገና። እማዬን ግን ዓይኗን አያዩም። መርዶን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ አስረዳለሁ? ቃሉ የለም። ብፈልግለት ጭካኔ ብቻ ይመስላል።

ሁለት ትኬት ቆርጫለሁ። ሲጠይቁኝ ፈተና ነበረብኝ እላለሁ። ውሸትም አይደለም። ለፈተና ብላ የአባቷን ቀብር ቀረች ይሉኛል፣ ዕድሜ ልኬን። ይበሉ። እማዬ አጠገቤ ትቆማለች። እንዳትናገሪ ብያታለሁ።