ስለ ተቆለፈው የአትክልት ስፍራና ስለ ባለቤቴ እግር

ለተከበሩ አቶ ፕራባካር ጆግሌካር፣
የመኖሪያ ግቢያችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ፑኔ፣ ሕንድ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ በተለይም የውሻዎ ጤና የተሟላ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በግቢው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ኮሚቴው በወረርሽኙ ጊዜ ላደረገልን ጥበቃ ያለኝን ምስጋና ጎረቤት ሁሉ እንዲያነብልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ የአትክልት ስፍራውን በር ስለቆለፉልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ማዱካር ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ እንደ ሕፃን ዳዴ ብሎ መራመድን እንደገና የተማረው እዚያው፣ በኒም ዛፎቹ ሥር ነበር። ሐኪሙ፣ “መድኃኒትዎ እግርዎ ነው፤ እንዳያቋርጡ” ብሎታል። እርግጥ ሐኪሙ የኮሚቴ አባል አይደለም።

ሁለተኛ፣ መንግሥት በማለዳ ደጅ ወጥቶ መንቀሳቀስን ከፈቀደ በኋላም ቁልፉን ከኪስዎ ባለማውጣትዎ፣ ከመንግሥት ይበልጥ እንደሚያስቡልን አስመስክረዋል። ባለቤቴ በከዘራው እየተደገፈ ወርዶ ዘበኛውን ቢለምነው፣ “አባባ፣ በእኔ ቢሆንማ በሩን ነቅዬ በጣልኩልዎ፤ ቁልፉ ግን እሳቸው ጋ ነው” አለው። እርስዎም ከበረንዳዎ ሆነው፣ “ወንድሜ፣ ላንተ ከከፈትኩ ለሁሉም ልከፍት ነው። ለራስህ ስል ነው፤ ግባና ዕረፍ” አሉት። ታዛዥ ሰው ነበርና ገባ።

ከዚያ ወዲያ ከአልጋው እስከ ወጥ ቤቱ ይመላለስ ጀመር። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ዞር ባለ ቁጥር ጠረጴዛው ያደናቅፈዋል። አንድ ቀን ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ፈራ፤ ከፈራ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እርስዎ በተቆለፈው አትክልት ስፍራ ውስጥ ውሻዎን ሲያናፍሱ ያየዎት እዚያ ተቀምጦ ነው። አልተቆጣም። “ሱላባ፣ እስቲ ማመልከቻ ጻፊልኝ፤ ውሻ ሆኜ ልመዝገብ” ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የሳቀ የለም።

ሦስተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። ክረምቱ ሳይወጣ ሁለተኛው ስትሮክ ወሰደው። ኮሚቴው በሪፖርቱ እንደኮራበት፣ ከግቢያችን በወረርሽኙ የሞተ አንድም ነዋሪ የለም። ባለቤቴም ቢሆን ይህን መልካም ስማችሁን ላለማበላሸት ተጠንቅቆ ነው የሞተው።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ እግርዎንም ያጽናልዎ፤ ሁለቱ ሳይለያዩ እስከ መጨረሻው አብረው እንዲዘልቁልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎና ታዛዥዎ፣
የማዱካር ኬትካር ሚስት የነበረች፣ ሱላባ

ማሳሰቢያ፦ በአትክልት ስፍራው ውስጥ በስሙ አግዳሚ ወንበር ለማቆም መወሰናችሁን ትናንት ከማስታወቂያው አነበብኩ። እባክዎ ይቅርብን። ባለቤቴ የሞተው መቀመጫ አጥቶ አይደለም።