ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ 1973 ዓ.ም.

ገበያ ዋልኩ። ምንም አልገዛሁም። ሳልቫጅ ልብስ የሚሸጠው ሰውዬ ዘንድ አንድ ቡናማ ኮት አየሁና ለካሁት… ጉልበቴ ድረስ ወረደ። ሰውዬው ትንሽ አስቦ "ካፖርት ነው በለው፣ መምህር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለእኔ ካፖርት ነው።

አገሬ ወገዳ ሳለሁ እናቴ "አስማረ፣ ቁመትህን የት ጣልከው?" ትለኝ ነበር። እዚህ ጋይንት አስተማሪ ሆኜ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ። ቁመቱ ተከትሎኝ አልመጣም። ስለዚህ ለአለባበሴ ደንብ አወጣሁ። ይሄን ደብተር ማንም አያየውም፤ ሳላፍር ልጻፈው።

አጭር ሰው ሰፊ ሱሪ አይለብስም። አምና ቤልቦተም አሰፍቼ ትምህርት ቤት ስገባ ስፖርት የሚያስተምረው ጓደኛዬ ደምሌ "ሱሪ ብቻውን ሲመጣ አየሁ" አለ። እስከ ዛሬ ያስቁብኛል። አግድም መስመር ያለው ሹራብ… አይሞከርም። ኮት ከዳሌ አይወርድም። ለእንደኔ ያለ ጠይም ፊት ነጭ ኮሌታ የመሰለ ነገር የለም፤ ግን በካውያ ተተኩሶ ቀጥ ሲል ነው። አንገቴ አጭር ስለሆነ የላይኛውን ቁልፍ አልቆልፍም። ጋቢም አንገቴ ላይ አልጠመጥምም፣ አለዚያ ትከሻዬና ጆሮዬ ይገናኛሉ።

ካኪው እዚህ ደንብ ውስጥ አይገባም። የስብሰባ ቀን ሁላችንም ካኪ ነን። ልብሱን ባልወደውም ያን ቀን ማንም ለይቶ አይስቅብኝም።

ይሄ ሁሉ ለማን ነው? … ለአስካለ። ይኸው ጻፍኩት። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ። አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ያስተምራሉ።

ጥቅምት 28

አስካለ "ነጭ ሸሚዝ ያምርብሃል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ እንጃ።

ኅዳር 12

የነጩ ሸሚዝ ኮሌታ አለቀ። እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። ያለኝ ነጭ እሱ ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊው ጋሽ አለሙ ዘንድ ወሰድኩት። በረንዳው ላይ የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው አገላብጠው አዩት። "ይፈታና ይገለበጣል። የውስጡ ፊት አዲስ ነው" አሉ። መልስ ሳልሰጥ በምላጭ ፈቱት።

"መቼ ልምጣ?"

"ክር ሲመጣ።"

ነጭ ክር ከኅብረት ሱቅ ከጠፋ ወር አልፎታል። ጥቁር አለ፣ ካኪ አለ። ነጭ የለም። ታዲያ ለምን ፈቱት? … ኮሌታውን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱ፤ ሸሚዙን "ይዘኸው ሂድ፣ እዚህ አቧራ ነው" አሉኝ። ቤት ገብቼ ለበስኩት። የተነጨ ዶሮ መስያለሁ።

ኅዳር 19

አስካለ በዕረፍት ሰዓት መጣች። "እሑድ ኅዳር ጽዮን ነው። አንተና ደምሌ ቤተ ልሔም ብትመጡ አባቴ ያያችኋል።" ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለችና "ያይሃል" አለች።

ያይሃል!

ምን ልልበስ? ካኪ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም። ሰማያዊው ሸሚዝ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ነጩ ኮሌታ የለውም። ጋሽ አለሙ ዘንድ ሮጥኩ፤ ክር አልመጣም።

ያከራዩኝ እትዬ ካሣነሽ ጭንቀቴን አይተው ከሣጥን አንድ ጋቢ አወጡ። የሟች ባላቸው ነው። ሰባት ዓመት እንደታጠፈ ተቀምጧል። "አደራህን" ብቻ አሉኝ። እኔን የመሰለ ተከራይ እንዲህ ያለ ነገር ይገባዋል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ያንስ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጥሩ ዋለ! በጣም ጥሩ።

ሌሊት ተነስተን ከደምሌ ጋር በታጨደ ገብስ መሀል ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ከሊቃውንቱ ፊት ለፊት አስቀመጡን። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አንገቴን ድብቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር፣ ግን ፍንክች አላልኩም። ኮሌታ እንደሌለኝ አንድም ሰው አላወቀም።

መሪጌታ ደጋግመው አዩኝ። ጋቢው ያማረብኝ መሰለኝ። "ደኅና ነህ ወይ?" ሲሉኝ ከጋቢው ውስጥ ሆኜ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

ለደንቤ አንድ ጨመርኩ፦ የጎደለህን በጋቢ ሸፍን።

ታኅሣሥ 4

ነገ ሽማግሌ ይሄድልኛል። ጋሽ አለሙና ሁለት አዛውንቶች። "ልብስህን እንደምሰፋ ትዳርህንም ልስፋልህ" ይላሉ ጋሽ አለሙ። ኮሌታዬን አልሰፉትም እኮ…

ታኅሣሥ 6

ተመለሱ። እምቢ ተባልኩ።

ጋሽ አለሙ አላዩኝም፤ መሬት መሬት እያዩ ነው የነገሩኝ። በክብር ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው። ከዚያ መሪጌታ እንዲህ አሉ፦ "ልጁን አይቼዋለሁ። እኔን ያስተማሩኝ ሊቃውንት አፋቸውን ገልጠው ሲቀመጡ፣ እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ከፊታቸው የተቀመጠው አይደለም? እኔ የደጅ ሰው ነኝ። ልጄን ለጌታ አልሰጥም።"

ምድር ብትከፈት ደስ ባለኝ። በእኛ አገር በትልቅ ሰው ፊት አፍን በጋቢ መሸፈን "ከእናንተ በላይ ነኝ" ማለት ነው። ይሄን ወገዳ ውስጥ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ! አንገቴን ሳስብ አፌን ረሳሁት።

እትዬ ካሣነሽ ሰሙና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "በዚያ ጋቢ? የኔ ባል በዚያ ጋቢ በሰው ፊት አንድ ቀን አፉን ሸፍኖ አያውቅም!" ሌላ አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 8

አስካለ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። "ለምን እንዲህ አደረግህ?"

ኮሌታ አልነበረኝም ማለት አቃተኝ። "በረደኝ" አልኩ። ዋሸሁ። ያን ቀን ላብ በጀርባዬ ይወርድ ነበር።

"እኔ ከአባቴ ቃል አልወጣም" አለችና ሄደች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጌታ ሲሉኝ ዝም አልኩ። የተፈታ ሸሚዝ የለበስኩ ድሃ ነኝ ማለት ለምን ከበደኝ? ይሄ ሁሉ ደንብ ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው እንዴ?

ታኅሣሥ 10

አልቻልኩም። ጋሽ አለሙ በረንዳ ሄጄ ነገርኳቸው። "ኮሌታ ስላልነበረኝ ነው የተሸፈንኩት።"

መኪናቸውን አቆሙ። መሳቢያቸውን ከፈቱ… ኮሌታዬ ከቁልፍና ከካኪ ቁራጭ መሀል ተኝቷል።

"እንግዲህ ልጅቱን የከለከልኩህ እኔ ነኛ!"

"ክሩ ነው እንጂ እርስዎ ምን አደረጉ?"

"ክር ሳይኖረኝ ምን ብዬ ፈታሁት?" አሉ። ኮሌታውን በመሀረብ ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱ። "እሑድ ቤተ ልሔም እወርዳለሁ። ብቻዬን።"

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልሸኝዎት ብል እምቢ አሉ።

ታኅሣሥ 13

ጋሽ አለሙ መጡ። ኮሌታው ግን አብሯቸው የለም።

"ሁሉንም ነገርኳቸው። ኮሌታውን እያገላበጡ አዩት። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። 'የሚመጣው እሑድ ሸሚዙን ለብሶ ይምጣ' አሉ። 'ኮሌታው እኔ ዘንድ ይቆይ።'"

ይሄ ምን ማለት ነው? ጋሽ አለሙም አያውቁትም።

ታኅሣሥ 18

ነገ ነው። እትዬ ካሣነሽ ያንኑ ጋቢ እንደገና ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ! "አሁን ታውቅበታለህ" አሉኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ሁሉን እንደነበረ ልጻፈው።

መሪጌታ ቤታቸው በር ላይ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ጋሽ አለሙ፣ ሁለት ቄሶች፣ ከጓሮ በኩል ደግሞ አስካለ ከእናቷ ጋር። እኔ ጋቢዬን ደረቴ ላይ አጣጥፌ አስሬ፣ አደግድጌ ቆምኩ። አንገቴ ራቁቱን። የሸሚዜ የተፈታ ጫፍ ክሩ ተንጠልጥሏል። ነፋሱ ደግሞ ያን ዕለት የሚነፍሰው ለእኔ ብቻ ነበር።

"ቀና በል" አሉ። ቀና አልኩ።

"የደበቅኸው ይሄን ነው?"

"አዎን፣ የኔታ።"

"አንገትህ ምን ሆነ?"

"አጭር ነው፣ የኔታ። ኮሌታ ሲጠፋ ደግሞ ጭራሽ የለም።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ከመጣሁ ሁሉንም ልናገር ብዬ ይሆናል። አንደኛው ቄስ ሳቁ። ጋሽ አለሙ የሚስሉ አስመስለው ሳቁ። መሪጌታ ሳቃቸውን ለመያዝ ታገሉ፣ ታገሉና ለቀቁት። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

"ካስተማርኳቸው መዘምራን ግማሾቹ አንገት የላቸውም" አሉ። "ድምፅ ግን አላቸው።"

ከዚያ ካባቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከሥሩ የለበሱት ቀሚስ ጀርባው በሦስት ዓይነት ጨርቅ ተጥፏል። አንዱ መጣፊያ የዱቄት ከረጢት ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ ይነበባል። "የኔም ይኸው። ካባው የበዓል ቀን ይሸፍንልኛል። ልብስህ ቢጎድል ነውር የለውም፣ ልጄ። የሚከፋው ሰው ሳያውቅህ መቅረቱ ነው።"

ልጄ አሉኝ። ልጄ!

መሀረቡን ከጉያቸው አውጥተው ኮሌታውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጉልበታቸውን ስስም እንባዬ መጣ፤ ምንም የምሸፍንበት አልነበረኝም። ሁሉም አዩኝ። አስካለም አየችኝ።

ሰርጉ ጾም ሳይገባ ጥር መጨረሻ ይሁን ተባለ።

ጥር 3

ነጭ ክር አሁንም የለም። እትዬ ካሣነሽ ኮሌታዬና ሸሚዜ ለየብቻ ተሰቅለው አይተው "ይሄ ነው ያስጨነቃችሁ?" አሉ። ጥጣቸውን አውጥተው እንዝርታቸውን አሾሩ። ቀጭን ድር ፈትለው፣ ሁለቱን አጋምደው፣ በሰም አሻሹት። ሁለት ወር ሙሉ የሱቅ ክር ስንጠብቅ ክሩ እቤቴ ነበር።

መኪናው አልቀበልም አለ፤ በጠሰው። ጋሽ አለሙ በእጃቸው ሰፉት፣ እየተሳደቡ። ስፌቱ ትንሽ ይታያል። ይታይ።

ጥር 25

ትናንት ተዳርኩ!

የለበስኩትን ልጻፍ፣ ግማሹ የራሴ አልነበረም። ኮቱ የደምሌ፤ ጋሽ አለሙ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈው ሰፍተውታል። ሰርጉ እንዳለቀ ተፈትቶ ይረዝማል። ኮቱ ከዳሌ በታች ወርዷል፤ ደንቤ ፈረሰ። ደምሌ ገና ሲያየኝ "ዛሬስ ሰውየውም አብሮ አለ" አለ። ሱሪው የራሴ ካኪ ነው፣ በካውያ ተተኩሶ እንደ ቢላ ሆኗል። ሸሚዙ ነጩ። የላይኛውን ቁልፍ ቆለፍኩ። ጋቢው ያው የእትዬ ካሣነሽ። መልሼ ልሰጣቸው ስል እጄን ያዙኝ። "ሣጥን ውስጥ ሰባት ዓመት ከሚተኛ…" አሉ፣ አልጨረሱትም።

ሰው ሁሉ አማረብህ አለኝ። አመንኳቸው። ይሄን ያህል ሰው ለብሼ እንዴት አያምርብኝ? አምላኬ፣ ተመስገን።

አስካለ ኮሌታዬ ላይ ያለውን ስፌት በጣቷ ነካችና "የትኛው ነው አባቴ ዘንድ የከረመው?" አለችኝ። አሳየኋት።

የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት። ፈቃድ ጠይቀን ከአስካለ ጋር ቤተ ልሔም አነገሥን።

ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀመጥን። ያው ቦታ፣ እነዚያው ሊቃውንት። ጋቢዬን ከአገጬ በታች አድርጌ፣ አፌን ገልጬ፣ ኮሌታዬን አሳይቼ ተቀመጥኩ። ትናንት የዘነበው በረዶ ገና አልሟሟም። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እንዳይሰማ ነክሼ ይዤዋለሁ። ዛሬ እንኳን እውነትም በርዶኛል።

መሪጌታ ከሊቃውንቱ መሀል ሆነው አዩኝ። ደጋግመው አዩኝ። ደግሞ ምን አጠፋሁ? ተነሱ። መቋሚያቸውን ይዘው በሁሉም ፊት ወደ እኔ መጡ። ልነሳ ስል ትከሻዬን ጫን አድርገው አስቀመጡኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጋቢዬን ጫፍ ያዙና ወደ ላይ ሳቡት። በአንገቴ አዞሩት። በአፌ ላይ አደረጉት። እስከ አፍንጫዬ።

"ብርድ ነው፣ ልጄ። ሸፈን በል" አሉ። ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ።

ትከሻዬና ጆሮዬ ተገናኝተው ይሆናል። እንደዚያው ተሸፍኜ ተቀመጥኩ። ከሊቃውንቱ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።