ኮሌታዬ ላይ የረሳሁት ስፒል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ናፍቆትሽ ከስፌት መኪናዬ ጋር ሲያወራኝ ይውላል እንጂ ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ጎኔን ወጋ ወጋ ስለሚያደርገኝ ኤም አር አይ ልነሳ ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ኮሌታዬ ላይ የሰካሁትን ስፒል ረስቼዋለሁ። ባለሙያው፣ «እማማ፣ ማሽኑ ማግኔት ነው፣ ብረት ይስባል፤ ሌላም ካለ ያውጡ» ብሎ ነቀለልኝ። ብረቱን አስወልቆኝ ሲያበቃ ደግሞ ራሱ በደም ስሬ ብረት ሰጠኝ። ናኖ የሚሉት ብናኝ ነው፤ ፀጉር ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዷን ስንጥር ነው የሚያህለው አሉ። ጤነኛው ጉበት ብናኙን ይመጥጠውና ፎቶው ላይ ይጠቁራል። የእኔም እንደ ከፋይ ጨርቅ ጥቁር ብሏል፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቦታ ብቻ ነጭ ሆና ቀርታለች። ሐኪሙ ፎቶውን ደጋግሞ አየና ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀኝ። ስላንቺ ሳወራለት ዋልኩ። ደግ ሰው ነው።

ሰርግሽ ገና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀሚስሽን ግን ጨርሼዋለሁ። የት እንዳስቀመጥኩት ለእህትሽ አሳይቻታለሁ። ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ማጥበቡ ለየትኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ነው። ስፒሎቹን ሁሉ ነቅያለሁ፣ አንድም አይወጋሽም።

ጉንጭሽን በሩቁ የምስም፣
እናትሽ