ቄሱ የጠየቁኝ ወረቀት

ውቤ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ጣራ ገዳም ነው፤ ውብ ነው አሉ፣ አላየሁትም። እኔ ያየሁት ቄስ ዓለምነውን ነው። እዚህ ደብረ ታቦር የቡአ ኦፕራሲዮን ላደርግላቸው፣ እንደ ደንቡ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ወረቀታቸውን ጠየቅኋቸው። ሰጡኝና እጃቸውን ዘረጉ፤ «ያንተስ፣ ልጄ? እኔ ሙሽሮች ሳጋባ የሁለቱንም ነው የማይ።»

አዲስ አበባ፣ አብረን የምንሠራበት ሆስፒታል ቢሆን እኔና አንቺ ጥበቃ እንጠራ ነበር! ሐኪም ይመረመራል እንዴ? ነጭ ጋውን ያየ ቫይረስ እጅ ነስቶ ያልፋል። መርፌ ጓንታችንን በስቶ ስንደማም፣ በሽተኛው ላይ የሚንጠባጠበው ጠበል ነው።

ነርሶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ቄሱ ግን እጃቸውን አልሰበሰቡም። አፍ ላስይዛቸው ብዬ ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ሲመጣ አፌን የያዝኩት እኔው ሆንኩ፤ ቫይረሱ አለብኝ።

ቄሱን ሌላ፣ የተመረመረ ሐኪም ሠራቸው፤ ደህና ናቸው። እኔ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ እስኪፈቀድልኝ ምላጭ አልነካም።

ካርዱ ሞላ። የእማማ እቴነሽን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም እቀፊልኝ። ክትባቱን «ነገ እንወጋለን» እያልን አብረን እንደዘለልነው ግን አልረሳሁም። ያንቺስ ወረቀት የት አለ?

ቃለአብ