የተበላው የአክሰል ጥርስ

ሰኞ
የፊት ግራውን ጎማ ሳወልቅ ጎማውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ በጣቴ ብቻ ተፈትቶ ወጣ። ዳዶው የሚታሰርበት የአክሰሉ ጫፍ ጥርስ ተበልቷል። መኪናው የሐጂ ከድር ነው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የጣሊያን ካሚዮን። ትናንት የአጋሮን ቁልቁለት ሲወርድ ጎማው መወዛወዝ ጀመረና ሹፌሩ ጌታቸው እንደምንም ጥግ አስይዞ አቆመው። ጭነቱ ላይ አራት ቡና ለቃሚ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሐጂ የመኪናውን ቁልፍ ከጌታቸው ተቀበሉት። «ሃያ ዓመት ያመንኩት ሰው ሳይፈትሽ ይነሳል?» አሉ። እኔ አጠገባቸው ሞረድ እየፈለግኩ ነበር።

ማክሰኞ
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ያን ዳዶ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ የጎማውን ኩሽኔታ የቀየርኩ ዕለት። ጠማማ መግባቱ እጄ ላይ ታውቆኝ ነበር። ፈትቼ እንደገና መጀመር ነበረብኝ። ቸኮልኩ፤ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ በግድ ገፋሁት። ጥርሱን የበላው ያ ነው።

ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። በብየዳ ሞልተን አዲስ ጥርስ እናውጣለት አሉ። የፊት ጎማ የሚሸከም ብረት ነው፣ በእሳት ከተነካ ነገ ይሰበራል። እምቢ አልኩ።

ረቡዕ
ከውስጥ በኩል ያለው ጥርስ ደህና ነው፤ ዳዶው እዚያ ድረስ ገብቶ አያውቅም። አሮጌ ዳዶ ፈልጌ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ሁለቱን ግማሽ ደህናው ጥርስ ላይ ገጥሜ አጥብቄ አሰርኩና ወደ ጫፉ እያዞርኩ ማውጣት ጀመርኩ። ደህናው ጥርስ እየመራው ዳዶው የተበላሸውን ይጠርጋል። ዘይት፣ ሩብ ዙር፣ ትንሽ መመለስ። እንደገና ዘይት። እስከ ምሳ ሁለት ጥርስ ብቻ። አንገቴን አመመኝ።

ሐሙስ
የቀረውን በሦስት ማዕዘን ሞረድ። የመጨረሻው ጥርስ አይድንም፤ ሞርጄ አጠፋሁት። አዲሱ ዳዶ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ገባ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ከሰዓት ጌታቸው ጃኬቱንና ብርድ ልብሱን ከጋቢና ሊወስድ መጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠዋት ጎማውን መንካት ነበረብኝ» አለኝ። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ሲሄድ አየሁት።

ዓርብ
ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ፊቴን አይተው «ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለጌታቸው ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«ከኔ በፊት ለሱ ነበር የሚነገረው።» የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «አንተው ውሰድለት።»

ቅዳሜ
አወቱ መንደራ ሰፈር፣ ጌታቸው ቤት። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩትና ቁልፉን ሰጠሁት። አልሰደበኝም። ግባም አላለኝም። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ባዶውን መኪና ይዘን የቡ ከተማ ድረስ ሄደን ተመለስን። ሁለት ቦታ ወርዶ የጎማውን መሃል በመዳፉ ነካ። ሞቅ ብሏል፣ አያቃጥልም፤ ዳዶው በልክ ታስሯል ማለት ነው።

መንደራ ቆጪ ሰፈር ሲያወርደኝ ሞተሩን ሳያጠፋ «ሰኞ ከአጋሮ ጭነት አለ» አለ። «ሴቶቹ በሚኒባስ ይመጣሉ። አንተ ከኔ ጋር ነህ።»

እሺ አልኩት።