በአባቴ ስም የተመዘገቡት ሰዓት ሠሪ

መጋቢት 9 ቀን፣ የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት
ስድስተኛ ረድፍ፣ ክፍል 12

ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ከረምክ አልልህም፤ አምስት ዓመት ክረምት አይባልም። ባቡር ጣቢያው በቦምብ ሲመታ እጅህ ከእጄ ካመለጠ ጀምሮ ሞተሃል ብዬ ነበር የምኖረው። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ስፌት ክፍል ውስጥ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ፣ ኃላፊዋ እየሳቀች ፈታችብኝ። ደብዳቤውም ደጋግሜ ከማንበቤ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በሙጫ ለጥፌዋለሁ።

አንተ ወዳለህበት አገር እንድገባ የላክልኝን ቅጽ ሞልቻለሁ። «ከሚስት ጋር የሚመጡ ወላጆች» በሚለው ቦታ በእርሳስ ያሰመርከውን ሰረዝ ግን በላጲስ አጥፍቼዋለሁ። አባቴን የቀበርከው አንተ ነህ፤ ሳጥኑንም በገዛ እጅህ ነው የሠራኸው። ሆኖም እዚህ መዝገብ ቤት ብትጠይቅ አባቴ አብሮኝ እንደሚኖር ይነግሩሃል። እንዳትደነግጥ ከሥሩ ልንገርህ።

ከጣቢያው ሸሽቼ እዚህ የስደተኞች ካምፕ በር ስደርስ ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ክፍል የሚሰጠው ለቤተሰብ ብቻ ነው፤ ብቻዋን የመጣች ሴት ሁለት መቶ ሰው ከታጨቀበት መጋዘን ትገባለች። ከፊቴ የተሰለፉ አንድ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና ለጸሐፊው «ልጄ ናት» አሉት። ጸሐፊው መታወቂያዬ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ያለውን የአባቴን ስም አንብቦ እሳቸው መሆናቸውን ቢጠይቃቸው፣ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «አዎ» አሉ። የራሳቸው ወረቀት ከቤታቸው ጋር ተቃጥሎ ስለነበር የተከራከራቸው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአባቴ ስም ይጠራሉ።

ይህ ለሳቸው ቀላል አይደለም። እሳቸውም ልጅ ጠፍታባቸዋለች። የሚፈለጉ ሰዎች ስም በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በየሰኞው የቀድሞ ስማቸውን ይፈልጋሉ፤ ልጅቷ ካለች በዚያ ስም ነዋ የምትፈልጋቸው። እስካሁን አልወጣም።

ደግሞ ቁጡ ናቸው፤ ሾርባው ቀጠነ ብለው ወጥ ቤቱን ያልተጣሉበት ሳምንት የለም። ታዲያ ከብርድ ልብስ መጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሳለቅስ ሲሰሙኝ ዝም በዪ አይሉኝም። ያልሰሙ ለመምሰል ደህና የሚሠራ ሰዓት ፈትተው መልሰው ይገጥማሉ። አንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደፈቱ እሳቸው ያውቃሉ።

ደብዳቤህን ሳነብላቸው ከኔ በላይ ተደሰቱ፤ ወዲያው ሻንጣዬን አውርደው ማጠፊያውን ዘይት መቀባት ጀመሩ። ዘመድ የሌለው ሽማግሌ የሚቀበል አገር እንደሌለ ግን እሳቸውም ያውቃሉ። «እርስዎስ?» አልኳቸው።

«ለጸሐፊው አባቴ ሞተ በዪው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አንዴ የሞተ ሰው ስም ነው፤ ሁለተኛ ቢሞት ምን ይጎድልበታል?»

ልብስ ማስጫው ጋ ሄጄ እርጥብ አንሶላ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። አባቴን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።

የምለምንህ ገብቶሃል። እዚያ ቅጹን የሚቀበለው ሹም ፊት ቀርበህ «አማቴ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ» ብለህ ፈርምልኝ። አንተ የተሰነጠቀ ሳንቃ ቀለም ቀብተህ ለማንም የማትሸጥ አናጢ ነህ፤ የወደድኩህም ለዚያ ነው። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ዋሽልኝ እያልኩህ ነው፤ አፍሬያለሁ። ግን አምስት ዓመት ሙሉ አባት ሆነውኛል። የወለደኝም ቢሆን ስሙ ሰው ሲያስጠልል ቢያይ አይከፋውም ነበር፤ ታውቀዋለህ።

ይህን መጻፌን አልነገርኳቸውም። ትናንት አንድ አሮጌ የወንድ ሰዓት ሲጠግኑ አግኝቻቸው የማን ነው ብላቸው «የልጄ ባል ነው» አሉኝ። «ይዘሽለት ትሄጃለሽ። ክንዱ ወፍራም ነው ቀጭን?» ልመልስላቸው ብዬ አቃተኝ፤ ረስቼዋለሁ። ስትጽፍ የእጅህን አንጓ በክር ለካና ክሩን ላክልኝ።

መጋዝህ እጅህን አይንካው፤ ደጅህን ክፉ አይርገጠው፤ ያገናኘን አምላክ ዳግመኛ አይለያየን። እምቢ ካልክም አልቀየምህም፤ ብቻ ጻፍልኝ። አድራሻችን ያው ነው።

ሚስትህ