ሰባተኛው ቀለበት

የምወድሽ ልጄ ኮራሊ፣ ያሳደገሽ አምላክ በሰው አገርም ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም ደህና ነኝ። ፖሙ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። ወንድምሽ ጣራውን ጠግኛለሁ ይላል፤ ያው ያፈሳል።

የአባ ጨጓሬው በዓል ቅዳሜ ዋለ። እንደ ወትሮው ትሎቹ ክር ላይ ሽቅብ ተሽቀዳደሙ፤ ከዚያ ሽማግሌው ኦሪን አሸናፊውን መዳፉ ላይ አድርጎ የመጪውን ብርድ አሥራ ሦስት ሳምንት ገላው ላይ ካሉት አሥራ ሦስት የፀጉር ቀለበቶች ያነብ ጀመር። ጥቁሩን «በረዶ»፣ ቡናማውን «ለዘብ ያለ» እያለ ስድስተኛው ላይ ደረሰና ወደ ስምንተኛው አለፈ።

«አባባ ኦሪን፣ ሰባተኛውን ዋጡት እንዴ?» ብለው ሰዎቹ ሳቁበት። እሱ ግን እኔን ነበር የሚያየው።

ቀርቤ አየሁት። ሰባተኛው ቀለበት ጥቁርም ቡናማም ፀጉር የለውም፤ መላጣ ነው። ኦሪን ከዚህ በፊት ሳምንት የዘለለው አንዴ ብቻ ነው፤ አባትሽ አጥር ሊጠግን ወጥቶ የቀረበትን።

ሰባተኛው ሳምንት የልደቴ ሳምንት ነው፤ አንቺም ልትመጪበት ትኬት የቆረጥሽለት። በየደብዳቤው ነይ ነይ ስል የኖርኩት እኔው ነኝ። አሁን ግን አፈር ስሆንልሽ፣ አትምጪ። ሁልጊዜ «በሰላም ያምጣሽ» ብዬ ነበር የምጨርሰው፤ ዘንድሮ እዚያው ያቆይሽ።

እናትሽ ቬርና